የባሕር ጠለል መዝጋቢው ምሁር፦ የክላውስ ቪርትኪ የምርምር ሕይወትና የእኛ ክረምት



ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ወደብ በሌላት አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተሠራ አዳራሽ ተቀምጠን ስለ አንድ የውቅያኖስ ተመራማሪ ሕይወት ልንነጋገር ነው። ነገር ግን አሁን የተናገርሁትን ልብ በሉ፤ «ከባሕር ጠለል በላይ» አልሁ። የተራሮቻችንን ቁመት እንኳ የምንለካው ከባሕር ተነሥተን ነው። ዝናባችንም ቢሆን ምንጩ ከዚያው ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዳሉት፣ የክረምታችንን ነገር ከሥሩ ለመረዳት የሚሻ ሰው ወደ ውቅያኖስ መውረዱ አይቀርም።

የምናገርላቸው ሰው ክላውስ ቪርትኪ ይባላሉ። በ1925 ተወልደው በ2013 ያረፉ፣ የፊዚካዊ የውቅያኖስ ጥናት ሊቅ ናቸው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። ላስረዳ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። የአንድ ምሁር የሕይወት ሥራ በጻፋቸው ጽሑፎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ እርሱ ካለፈ በኋላም ሳይቋረጥ በሚቀጥል መዝገብ ሊመዘን ይገባል። የቪርትኪ ሕይወት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

፩. የሙያው ምንነት

ፊዚካዊ የውቅያኖስ ጥናት ዓሣውን ወይም የባሕሩን ሥር ድንጋይ ሳይሆን ውኃውን ራሱን የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። የውኃው ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ እፍጋትና እንቅስቃሴ የጥናቱ መሠረቶች ናቸው። ነፋስ ውኃውን እንዴት እንደሚገፋው፣ የምድር መሽከርከር ጉዞውን እንዴት እንደሚያጣምመው፣ ቀዝቃዛና ጨዋማ ውኃ እንዴት ወደ ጥልቁ እንደሚሰምጥ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ለሚል ሰው አንድ ንጽጽር ይበቃዋል። በውቅያኖስ ላይ ያለው የመጀመሪያው 3 ሜትር ገደማ ውኃ መላው የምድር አየር የሚይዘውን ያህል ሙቀት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ባሕር ሙቀቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ባዛወረ ቁጥር በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለ ሰማይ ይለወጣል። አየር የትናንትናውን ቶሎ ይረሳል፤ ባሕር ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ያስታውሳል። የወቅት ትንበያ የሚባለው ነገር የሚቻለውም ባሕር ይህ ትውስታ ስላለው ነው።

፪. ከኪል እስከ ጃካርታ

ቪርትኪ የተወለዱት ዛሬ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በሚገኘው በላይኛው ሲሌዢያ፣ ታርኖቪትዝ በተባለው ከተማ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ፊዚክስ ካጠኑ በኋላ ወደ ኪል ተሻግረው በ1950 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በኪል የነበረውን የባሕር ምርምር ተቋም ይመሩ የነበሩት ጌኦርግ ቩስት ከ1925 እስከ 1927 ሜቴኦር በተባለችው መርከብ አትላንቲክን ከዳር እስከ ዳር በመለካት ስም ያተረፉ ሰው ናቸው። የዚያ ትምህርት ቤት ወግ ግልጽ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ በጥንቃቄ ለካ፣ የለካኸውን በካርታ ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ በኋላ አስተያየት ስጥ።

ወጣቱ ዶክተር በ1954 ወደ ኢንዶኔዥያ ሄደው በጃካርታ የባሕር ምርምር ተቋም ኃላፊ ሆኑ። አገሪቱ ነጻነቷ በኔዘርላንድ ከታወቀላት ገና አምስት ዓመቷ ነበር። የተቋሙ የሰው ኃይልም ሆነ መሣሪያው አነስተኛ ነበር። በአውሮፓ ታላላቅ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ቦታ ይዘው መቀመጥ ለሚመኙ የዘመኑ ወጣት ሳይንቲስቶች ይህ ምርጫ ከመንገድ መውጣት መስሎ ሊታያቸው ይችል ነበር።

ቪርትኪ ግን በእጃቸው ያለውን ነገር መረመሩ። የጎደላቸውን በአዲስ ጉዞ ብቻ ለመሙላት አልሞከሩም። ሌሎች ሰዎች ከዚያ በፊት ለካክተው የተዉትን፣ የንግድ መርከቦች ከመንገዳቸው ምን ያህል እንደተንሸራተቱ የመዘገቡትን፣ በወደቦች የተጻፈውን የባሕር ከፍታ ሁሉ ሰበሰቡ። በ1961 የታተመው «የደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሕሮች ፊዚካዊ ጥናት» የተሰኘው ሥራቸው የዚህ ልፋት ፍሬ ነው። የክረምትና የበጋ ነፋሳት አቅጣጫቸውን ሲለዋውጡ በእነዚያ ደሴቶች መካከል ያለው የውኃ ፍሰት እንዴት እንደሚገለበጥ ወር በወር አሳየ። መጽሐፉ ከታተመ ከስድሳ ዓመት በላይ ቢሆነውም የዘርፉ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

እዚህ ላይ ወጣት መምህራንን አንድ ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። ብዙዎቻችን የምርምራችንን ድካም በመሣሪያ እጥረት እናሳብባለን። እጥረቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ሆኖም ማንም ያላነበበው የቆየ መዝገብ በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ መቀመጡም እኩል እውነት ነው።

፫. የሕንድ ውቅያኖስ ካርታና የምድር ወገብ ፈጣን ጅረት

ቪርትኪ ከኢንዶኔዥያ በኋላ በአውስትራሊያ፣ ቀጥሎም በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ሠሩ። በ1964 ወደ ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው እስከ ጡረታቸው፣ እስከ 1993 ድረስ በዚያው አስተማሩ።

በዚያ ዘመን የብዙ አገሮች መርከቦች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ የሕንድ ውቅያኖስ ጥናት ይካሄድ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ የተከማቸውን መረጃ አጣርቶ፣ ስሕተቱን ለይቶ፣ ለማንም ተመራማሪ በሚያገለግል መልክ ማዘጋጀት አስፈለገ። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ ዝና ግን እምብዛም አያስገኝም። ቪርትኪ ሥራውን ተቀበሉ። የውቅያኖሱ አትላስ በ1971 ታተመ።

ዝና አያስገኝም ያልነው ሥራ ግን አዲስ ግኝት አስገኘ። ቪርትኪ መረጃውን ሲያገላብጡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የነፋሱ ወቅት በሚለወጥባቸው በፀደይና በመኸር ወራት፣ በምድር ወገብ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ጠባብና ፈጣን ጅረት መኖሩን አስተዋሉ። ጅረቱ የሞቀውን የላይኛውን ውኃ ከአፍሪካ ጠረፍ አንሥቶ ወደ ሱማትራ ያጓጉዛል። ይህን በ1973 አጭር ጽሑፍ አድርገው አቀረቡት። ዛሬ በሙያው ዘንድ «የቪርትኪ ጅረት» እየተባለ ይጠራል።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1999 ተመራማሪዎች «የሕንድ ውቅያኖስ ዋልታ ለዋልታ ልዩነት» ብለን ልንጠራው የምንችለውን ክስተት ገለጹ። አንዳንድ ዓመት በመኸር ወራት ይህ ጅረት ይዳከምና የሞቀው ውኃ በእኛ በኩል፣ በምዕራባዊው ጠረፍ ያይላል። ያን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ ይበረታል። በ2019 እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ከባዱ ዝናብ ጎርፍ ከማስከተሉም በላይ ለበረሃ አንበጣ መራቢያ አመቺ ሁኔታ ፈጠረ። የተገላቢጦሹ ሲሆን ደግሞ ዝናቡ ይጠፋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረናና በሶማሌ ክልል አርብቶ አደሮች ላይ የደረሰውን የከብት እልቂት ሁላችንም እናስታውሳለን።

፬. የ1972 ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በገና ሰሞን አልፎ አልፎ ጠረፋቸውን የሚጎበኘውን ሞቃት ውኃ ኤልኒኖ ብለው ይጠሩት ነበር፤ በስፓኝ ቋንቋ ሕፃኑ፣ ማለትም ሕፃኑ ኢየሱስ እንደ ማለት ነው። በተለመደው ጊዜ በዚያ ጠረፍ ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ ይወጣል። ከጥልቁ የሚወጣው ውኃ ምግብ የሚሆኑ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያወጣ ባሕሩ አንቾቬታ በምትባል ትንሽ ዓሣ ይሞላል። በ1970 የፔሩ የአንቾቬታ ምርት ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። ብርቱ ኤልኒኖ በ1972 መጣ። ቀድሞውኑ ከመጠን በላይ በመጠመድ የተጎዳው የዓሣ ሀብት ተንኮታኮተ።

ያ ዓመት ለእኛም ክፉ ዓመት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ድርቅና ረሃብ የዚያው ዘመን ነው። አንድ ነገር በጥንቃቄ ልናገር። ድርቅ የሰማይ ጉዳይ ነው፤ ረሃብ ግን የሰማይ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደርም፣ የገበያም፣ የዝምታም ጉዳይ ነው። የወሎን ረሃብ ኤልኒኖ አመጣው ብሎ መናገር ኃላፊነትን በባሕር ላይ መጣል ይሆናል። ነገር ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበው ክረምታችን በኤልኒኖ ዓመታት የመዳከም ዝንባሌ እንዳለው በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አረጋግጠዋል።

በዚያን ጊዜ ስለ ኤልኒኖ የነበረው የተለመደ ማብራሪያ ቀላል ነበር። በፔሩ ጠረፍ የሚነፍሰው ነፋስ ሲደክም ቀዝቃዛው ውኃ ከጥልቁ መውጣቱን ያቆማል፤ ስለዚህ ባሕሩ ይሞቃል የሚል ነበር። ቪርትኪ ይህን ተቀብለው ዝም አላሉም። የነፋሱን መዝገብ አውጥተው አዩ። በኤልኒኖ ጊዜ የፔሩ ጠረፍ ነፋስ አልደከመም። የተለመደው ማብራሪያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ የቁጥር ሰንጠረዥ ፈረሰ። ታዲያ ባሕሩን ያሞቀው ምንድን ነው?

፭. ቀላሉ መሣሪያ

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው መሣሪያ ከሁሉ የረከሰው ነበር። በአንድ ደሴት ወደብ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቧንቧ አስቡ። ከታች ትንሽ ቀዳዳ አለው። የቀዳዳው ጥበት የሞገዱን መናወጥ ስለሚያስቀር በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ረጋ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር በሽቦ ከመመዝገቢያ ጋር ተያይዟል። አጠገቡ ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ቆሟል፤ አንድ የአካባቢው ሰው በየጊዜው መጥቶ ዘንጉን ያነብባል፤ መሣሪያው እንዳልተዛባም ያረጋግጣል።

በየቀኑ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት ባሕሩ ከፍና ዝቅ ማለቱ የታወቀ ነው። ይህን በስሌት አስወግዶ የወሩን አማካይ ሲያወጡ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለውጥ ይቀራል። ይህ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ግን ታላቅ ነገር ይናገራል። ሞቃት ውኃ ቀላል ስለሆነ በቀዝቃዛው ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል። በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን ቴርሞክላይን ይባላል። የባሕሩ ገጽ በ1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል፣ ከሥር ያለው ወሰን በ2 ሜትር ገደማ ወደ ታች ይገፋል፤ ማለትም ከታች ያለው ለውጥ ከላይ ካለው ወደ 200 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በወደብ ላይ ቆሞ የባሕሩን ከፍታ የሚለካ ሰው ከሥሩ ያለውን የሞቃት ውኃ ብዛት እየለካ ነው።

ቪርትኪ መጀመሪያ የተጠቀሙት ሌሎች ሰዎች ለሌላ ዓላማ፣ ለወደብ አገልግሎትና ለመሳሰለው፣ ያቆሟቸውን መለኪያዎች ነበር። መለኪያዎቹ ግን በሰፊው ፓስፊክ ላይ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ነበሩ። ስለዚህ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደሴቶቹ ላይ አዳዲስ መለኪያዎችን ተከሉ። ታራዋን፣ ናውሩን፣ ሆኒያራን፣ ክሪስማስ ደሴትን የመሳሰሉ ስሞች በካርታ ላይ ፈልገን የምናገኛቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ቦታ የአካባቢው ሰው እንዲጠብቀው ማስተማር፣ ከሁሉም ጋር መጻጻፍ፣ የተሰበረውን መጠገን አስፈለገ። ይህ ሁሉ የምርምር ጽሑፍ አይባልም። ያለ እርሱ ግን የምርምር ጽሑፉ አይኖርም ነበር።

፮. የ1975 መልስ

ቪርትኪ በ1975 ያሳተሙት ጽሑፍ ኤልኒኖ የፔሩ ጠረፍ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመላው የምድር ወገብ ፓስፊክ ጉዳይ መሆኑን አስረዳ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው።

በምድር ወገብ አካባቢ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሱት የንግድ ነፋሳት ውኃውን ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል እየገፉ ያከማቻሉ። በዚህ ምክንያት የባሕሩ ገጽ በምዕራብ በኩል ከምሥራቁ በግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በምዕራብ ያለው የሞቃት ውኃ ንጣፍ ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት ሲኖረው በምሥራቅ ግን እጅግ ስስ ነው። ነፋሱ ለረጅም ጊዜ ሲበረታ ክምችቱ ይጨምራል። በኋላ በመካከለኛው ፓስፊክ ነፋሱ ድንገት ሲላላ የተከማቸውን የሚደግፍ ነገር ይጠፋል። በእርሻ ቦይ ላይ የተሠራ የአፈር ግድብ ሲነሣ የታቆረው ውኃ እንደሚለቀቀው ሁሉ፣ ሞቃቱ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ጉዞው የኬልቪን ሞገድ በሚባል መልክ ነው። ይህ ሞገድ በዓይን አይታይም፤ ቁመቱ ከላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ውቅያኖሱን ለማቋረጥም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ፔሩ ሲደርስ ቴርሞክላይኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ያን ጊዜ የጠረፉ ነፋስ እንደ ወትሮው ከጥልቁ ውኃ ይስባል፤ የሚስበው ውኃ ግን ሞቃት ነው።

የዚህ ማብራሪያ ትልቁ ጥቅም በውስጡ ጊዜ መኖሩ ነው። ምክንያቱ በአንድ ቦታ፣ ውጤቱ በሌላ ቦታ፣ በመካከላቸው ደግሞ ወራት። ምክንያትና ውጤት በወራት ከተራራቁ ማስጠንቀቂያ ይቻላል ማለት ነው።

፯. ያልተሳካው ትንበያ

የምሁራንን ሕይወት ስንናገር የተሳካውን ብቻ መዘርዘር ልማዳችን ነው። ይህ ግን ለተማሪ አይጠቅምም።

በ1974 የነበሩት ምልክቶች በቀጣዩ ዓመት ኤልኒኖ እንደሚመጣ አመለከቱ። ቪርትኪና ባልደረቦቻቸው ሁኔታውን በዓይናቸው ለማየት በ1975 መጀመሪያ በመርከብ ወጡ። በመጀመሪያው ጉዞ ሞቃት ውኃ ብቅ ማለቱን አዩ። በሁለተኛው ጉዞ ሲመለሱ ግን ጠፍቶ ነበር። ዋናው ኤልኒኖ የመጣው በማግስቱ ዓመት፣ በ1976 ነው። ውጤታቸውን አልደበቁም፤ የተነበዩትንና ያዩትን ጎን ለጎን አስቀምጠው በ1976 አሳተሙት።

ከዚያ የባሰው ደግሞ በ1982 ሆነ። እስከዚያ ድረስ ከታዩት ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሆኑት አንዱ የሆነው ኤልኒኖ የጀመረው ቀድሞ በተጻፈው ቅደም ተከተል አልነበረም፤ ነፋሱ አስቀድሞ አልበረታም። በዚያው ዓመት በሜክሲኮ የፈነዳው የኤል ቺቾን እሳተ ገሞራ አመድና ጋዝ የሳተላይቶችን የሙቀት ንባብ ስላዛባው ብዙዎች ክስተቱን በጊዜው አላወቁትም። በደሴቶቹ ላይ የቆሙት ቧንቧዎች ግን የእሳተ ገሞራ ጢስ አያውካቸውም። ባሕሩ በምዕራብ ሲወርድ፣ በምሥራቅ ሲወጣ መዘገቡ።

ቪርትኪ የራሳቸውን ማብራሪያ እንደገና መረመሩ። በ1985 ያሳተሙት ጽሑፍ ሞቃት ውኃ በምድር ወገብ አካባቢ ቀስ በቀስ ተከማችቶ በኤልኒኖ ጊዜ እንደሚለቀቅና ከዚያም ክምችቱ እንደገና እንደሚጀምር አመለከተ። ይህ ሐሳብ በ1997 በፌይ ፌይ ጂን በሒሳብ መልክ ተቀርጾ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። ቪርትኪ በስልሳ ዓመት ዕድሜያቸው፣ ስማቸው በገነነበት ጊዜ፣ በገዛ መዝገባቸው ፊት የቀድሞ አባባላቸውን ለማሻሻል መፍቀዳቸውን እንደ ትልቅ ትምህርት እወስደዋለሁ።

፰. ለእኛ ያለው ትርጉም

በ1985 የተጀመረው የአሥር ዓመት ዓለም አቀፍ ጥናት በምድር ወገብ ፓስፊክ ላይ 70 ያህል መልሕቅ የተጣለባቸው መለኪያዎችን ተክሎ በ1994 አጠናቀቀ። በሃዋይ የተቋቋመው የባሕር ጠለል ማዕከልም የዓለምን መዝገቦች እየሰበሰበ እስከ ዛሬ ያሠራጫል። ከ1992 ጀምሮ የባሕርን ከፍታ ከሕዋ የሚለኩ ሳተላይቶች ቢመጡም፣ ሳተላይቶቹ ራሳቸው አለመዛባታቸው የሚረጋገጠው በወደብ ላይ ከቆሙት ቧንቧዎች ጋር በማነጻጸር ነው። የረከሰው መሣሪያ የውድ መሣሪያ ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት ወደ እኛ ደጅ ይደርሳል። ከናይል ወደ አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች የሚወርድ ነው። በ1996 ኤልፋቲህ ኤልታሂር ያሳተሙት ጥናት ከናይል ዓመታዊ ፍሰት ተፈጥሯዊ መዋዠቅ 25 በመቶ ያህሉ ከኤልኒኖ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ፓስፊክ ላይ የታየው ለውጥ በዓባይ ሸለቆ በኩል ካይሮ ይደርሳል።

በ2015 ብርቱ ኤልኒኖ ሲመጣ ዓለም አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ሆኖም በዚያ ዓመት መጨረሻ በአገራችን 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልጋቸው ተገለጸ። ትንበያ ዝናብ አያዘንብም። ትንበያ የሚሰጠን ጊዜን ነው፤ ዘር ለመለወጥ፣ ከብት ለመሸጥ፣ እህል ለማከማቸት የሚያስችል ጊዜ። ጊዜውን መጠቀም የእኛ ፈንታ ነው። ለዚህም ደግሞ የፓስፊክ መዝገብ ብቻውን አይበቃም። ያ መዝገብ «ክረምቱ ሊደክም ይችላል» ይለናል፤ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ያህል የሚለውን የሚነግረን የራሳችን የዝናብና የወንዝ መዝገብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ታሪክ ልናገር። የዶክትሬት ጥናቴን በምሠራበት ጊዜ የአንድ ወንዝ የከፍታ መዝገብ ፍለጋ ስሙን ወደማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። መዝገቡ ተገኘ። ጠዋትና ማታ የተነበበው ቁጥር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ጎርፍ ባለበት ቀን ሌሊት ሳይቀር ተነብቧል። ገጾቹን ስገልጥ ግን ከአንድ ወር በኋላ ባዶ ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም የለም። ምክንያቱን ስጠይቅ አንድ ሠራተኛ «አንባቢው ጋሼ ጡረታ ወጡ፤ ምትክ ሳይቀጠር ቆየ» አሉኝ። ከሁለቱ ዓመታት አንዱ የድርቅ ዓመት ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ እኔ የምፈልገው ዓመት። ክፍተቱን ከጎረቤት ጣቢያ በተገኘ ግምት ሞላሁት፤ በጥናቴም ላይ በነጠብጣብ መስመር አሳየሁት። ያን መስመር ዛሬም ባየሁት ቁጥር ቅር ይለኛል። መርማሪዎቼ ተቀብለውታል፤ ወንዙ ግን በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደወረደ ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ገንዘብ ቢገኝ ነገ መሣሪያ መግዛት ይቻላል። ያለፈ ዓመትን ግን በምንም ገንዘብ መልሶ መለካት አይቻልም።

፱. መደምደሚያ

ፕሮፌሰር ቪርትኪ በ1991 የአሜሪካ ሜቴዎሮሎጂ ማኅበርን የስቬርድሩፕ የወርቅ ሜዳልያ፣ በ2003 ደግሞ የልዑል አልበርት ቀዳማዊን ሜዳልያ ተሸልመዋል። ሽልማቶቹ ይገቧቸዋል። ሆኖም እኔ ከሜዳልያዎቹ አስበልጬ የማየው፣ እኝህ ሰው ካረፉ በኋላም በዛሬዋ ሰዓት በእነዚያ ደሴቶች ላይ የባሕሩ ከፍታ መመዝገቡን አለማቆሙን ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ሦስት ነገር ልበል። ለእናንተ ለተማሪዎች፦ የመመረቂያ ጥናታችሁን ከመጀመራችሁ በፊት በርእሳችሁ ላይ ማን፣ የት፣ ከመቼ ጀምሮ ሲመዘግብ እንደኖረ ጠይቁ፤ የመዝጋቢውንም ስም በምስጋና ገጻችሁ ላይ ጻፉ። ለባልደረቦቼ፦ ጥናታችሁ ሲያልቅ መረጃውን በግል ኮምፒውተራችሁ ውስጥ አትቅበሩት፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያነብበው አድርጋችሁ አስረክቡ። የደረጃ ዕድገትን ለምትወስኑ ኮሚቴዎች፦ አንድ መምህር ሃያ ዓመት ሳይቋረጥ የጠበቀው መለኪያ፣ ወይም አጣርቶ ለሕዝብ ያቀረበው መዝገብ፣ እንደ ምሁራዊ ሥራ ይቆጠር። ዛሬ ባለው አሠራር በሁለት ዓመት የሚታተም ጽሑፍ ነጥብ ያስገኛል፤ ያን ጽሑፍ የወለደው የሃያ ዓመት መዝገብ ግን ነጥብ የለውም። በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው ኖሮ፣ የቪርትኪ የአትላስና የቧንቧ ተከላ ዓመታት ባዶ ዓመታት ተብለው በተቆጠሩ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኔ ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ገበሬው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። እኛ ደግሞ ዝቅ ብለን የዝናብ መለኪያውን ዕቃ እንይ። ማን እያነበበው እንደሆነ፣ ያ ሰው ጡረታ ሲወጣም ማን እንደሚተካው ከአሁኑ እንጠይቅ።